ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የዊንዶውስ ፋይል ሲበላሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ዓምና አልነሳ አለ። ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና መልሶ ይጠፋል። ጥገና ቤት ወሰደችው፣ በማግስቱ «ተስተካክሏል» ተባለች። እውነትም ይሠራል። የመመረቂያ ጽሑፏ ግን የለም። ያስቀመጠችው ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው፣ ሲ ደግሞ ፎርማት ተደርጓል፣ ማለትም ያለው ሁሉ ተጠርጓል። የአራት ወር ልፋት በአንድ ቀን ሄደ። ስታለቅስ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ፋይል ሳያወጡ ጥገና መጀመር

ዊንዶውስ አልነሳ አለ ማለት ፎቶና ጽሑፋችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም እዚያው ዲስኩ ላይ አለ። ኡቡንቱ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ሰክታችሁ፣ ኢንስቶል ሳታደርጉ በሙከራ መልኩ ብቻ አስነሱት። ከዚያ ፋይላችሁን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካትም ይቻላል። ጥገና ቤት ከሰጣችሁም «ፋይሌን ሳታወጡ ምንም እንዳትነኩ» በሉ፣ ዴስክቶፕንና ዳውንሎድስን በስም ጥቀሱ።

አንድ ነገር ግን አለ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር የተቆለፈ ነው። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የጎደለውን ዲኤልኤል ከየትም ማውረድ

ዲኤልኤል ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚጠቀሙበት አጋዥ ፋይል ነው። «ቪሲራንታይም140 ዲኤልኤል (vcruntime140.dll) አልተገኘም» የሚል መልእክት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሙን ጉግል ላይ ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጡት ነጠላ ፋይል የሚያድሉ ድረ ገጾች ናቸው። እባካችሁ ከእነሱ አታውርዱ። ፋይሉ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ማን እንደሠራውም ማረጋገጫ የላችሁም።

የቦታው ነገርም ያሳስታል። 64 ቢት በሆነ ዊንዶውስ ላይ የ64 ቢት ፋይሎች የሚቀመጡት «ሲስተም32» በሚባለው ፎልደር ነው። የ32 ቢቶቹ ደግሞ ስሙ 64 የሚል «ሲስዋው64» ውስጥ። ስሙን አምኖ ያስቀመጠ ሰው ተገላቢጦሽ ያስቀምጣል።

ትክክለኛው መንገድ ፋይሉ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ከላይ ያልኩት ፋይል የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል አካል ነው። ሙሉውን ከማይክሮሶፍት በነፃ አውርዳችሁ የ64ቱንም የ32ቱንም ጫኑ። የሚጎድለው የጌሙ ወይም የፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ከሆነ ያንኑ ፕሮግራም እንደገና መጫን ነው።

ኤስኤፍሲን ብቻ ደጋግሞ ማስኬድ

ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ ነው፦ ኤስኤፍሲ፣ ከዚያ ስላሽ ስካንናው (sfc /scannow)። የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን ፈልጎ የሚተካ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን የተበላሸውን ፋይል የሚተካው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጠ ትርፍ ቅጂ ነው። ቅጂው ራሱ ከተበላሸ አሥር ጊዜ ብታስኬዱት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። «አግኝቻለሁ፣ ግን አንዳንዱን መጠገን አልቻልኩም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይህን ያመለክታል።

ትርፍ ቅጂዎቹ ያሉበትን ማከማቻ የሚጠግነው ዲስም (DISM) የሚባለው ሌላ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው፣ ሪስቶርኸልዝ ከሚለው ትእዛዝ ጋር። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስም፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ። ዲስም ንጹሕ ፋይል የሚያመጣው ከዊንዶውስ አፕዴት ስለሆነ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ይህን አስቡበት። ኢንተርኔት ከሌለ ከዊንዶውሳችሁ ጋር የሚመሳሰል አይኤስኦ ፋይል (ሙሉውን የዊንዶውስ መጫኛ የያዘ ፋይል) እንደ ምንጭ ማሳየት ይቻላል።

ሁለቱም የሚሠሩት ትእዛዝ የሚጻፍበት ኮማንድ ፕሮምፕት «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ተብሎ ሲከፈት ነው። ዲስም ፐርሰንቱ ሳይጨምር ለረጅም ደቂቃ ሊቆም ይችላል። ተጣበቀ ብላችሁ አትዝጉት።

ምክንያቱን አለመፈለግ

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ፋይል ያለምክንያት አይበላሽም። አፕዴት እየጫነ ሳለ መብራት ከሄደ ይበላሻል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ሶኬት ላይ ብቻ ስለሚኖር ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር አይሻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ጠግናችሁት በሳምንቱ እንደገና ከተበላሸ ግን ዊንዶውሱን ተዉትና ዲስኩንና ራሙን (ጊዜያዊ ሜሞሪውን) አስመርምሩ። ራሙን ለማየት ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባለው መሣሪያ እዚያው ውስጥ አለ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ምንም ዓይነት ጥገና አትሞክሩ። ረጅም ፍተሻ ሊሞት የተቃረበ ዲስክን ይጨርሰዋል። ቅድሚያ ፋይል ማውጣት ነው።

በክራክ ዊንዶውስ መጠገን

ከየፍላሹ የሚገለበጥ፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዊንዶውስ አትጫኑ። አይኤስኦው ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል።

ሳይሞክሩ ወደ ፎርማት መሄድ

ዊንዶውስ እየተነሳ ግን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ያንኑ አይኤስኦ ከፍታችሁ ሴትአፕን እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ አስነሱ። «ፋይሎቼንና ፕሮግራሞቼን አቆይ» የሚለውን ምረጡ። የሲስተም ፋይሎቹ በሙሉ ይታደሳሉ፣ የናንተው ባለበት ይቀራል። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነስታችሁ ከገባችሁ ግን ይህን ምርጫ አታገኙትም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ጨርሶ አልነሳ ከማለቱ በፊት ሞክሩት።