ቫሌንሲያ ውስጥ የፓኤያ አሠራር ለመማር ላሰባችሁ

ወደ ስፔን ተጉዛችሁ የአገሩን ባህላዊ ምግብ አሠራር ለመማር ካሰባችሁ፣ ፓኤያ የተባለውን የሩዝ ምግብ በመገኛው በቫሌንሲያ እንድትማሩ፣ ከትምህርቶቹም ጠዋት በገበያ ጉብኝት የሚጀምረውን እንድትመርጡ እመክራለሁ። ፓኤያ እዚያ በተለምዶ የምሳ ምግብ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 የተከፈተው የከተማው ማዕከላዊ ገበያም እሑድ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ስትመዘገቡ የማትበሉትን ነገር በጽሑፍ አሳውቁ። የቫሌንሲያ ነባር ፓኤያ በዶሮና በጥንቸል ሥጋ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጥንቸል የማይበላ ወይም በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው በአትክልትና በወይራ ዘይት ብቻ የሚሠራውን፣ የሥጋ መረቅም የማይገባበትን፣ አስቀድሞ ቢጠይቅ አስተማሪው ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ያበስል እንደሆነ አጣሩ፤ አስተማሪው ብቻ የሚያበስልበት ትምህርት፣ በእኔ አስተያየት፣ ውድ ምሳ ከመሆን አያልፍም። ወጥ ማማሰል የለመደ እጅ እዚህ መታገሥ አለበት፤ ሩዙ በሰፊው ዝርግ መጥበሻ ላይ እኩል ከተበተነ በኋላ አይማሰልም፣ መረቁን መጥጦ እስኪበስልም 18 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጨረሻ ላይ እሳቱ ጥቂት ከፍ ሲል የመረቁ መንተክተክ ወደ መንጫጫት ይለወጣል፤ ሶካራት የሚባለው፣ ከሥር የሚይዘው ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ቡናማ ቅርፊት የሚወጣው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ወደ መጥበሻው ጠጋ ብላችሁ ድምፁን አዳምጡ፤ የማረር ሽታ ከመጣ ግን ወዲያው አውርዱት።