ጮክ ብሎ የሚደውለውና ዝም ብሎ ቤት የሚያስሸጠው፦ የቤት ብድር ሲወዘፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛዬ ፊት ከተቀመጡት ባለዕዳዎች መካከል ጨርሶ ገንዘብ ያልነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ነበራቸው፤ የከፈሉት ግን ለሌላ ሰው ነው። በባንክ የብድር ክትትል ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያስቆጨኝ ይህ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚደውል ዕዳ ሰብሳቢ የደመወዛቸውን ግማሽ ይወስዳል፤ በወር አንድ ደብዳቤ የሚልከው የቤት አበዳሪ ግን «እሱ ይታገሣል» ተብሎ ይታለፋል። ባንኩ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ቤቱን በመያዣነት ስለያዘ ነው። ለምን ይጮኻል?

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ስህተቶቹ ግን የትም ቦታ ይመሳሰላሉ።

ብዙ ለሚጮኸው ቀድሞ መክፈል

ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የቤት ብድር መያዣ አለው፤ ካልተከፈለ ቤቱ ይሸጣል። የክሬዲት ካርድ፣ የስልክ ሒሳብና ያለ መያዣ የተወሰደ የግል ብድር ግን እንዲህ አይደሉም። አበዳሪው ገንዘቡን በግድ ለማስመለስ በአብዛኛው ክስ መመሥረት፣ ማስፈረድ፣ ከዚያም ፍርዱን ማስፈጸም አለበት። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሰብሳቢው ስልኩን የሚያጣድፈው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው፤ ጉልበቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከሰበሰበው ላይ በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ነው፤ አለበለዚያም ዕዳውን ከመጀመሪያው አበዳሪ በርካሽ ዋጋ ገዝቶታል። ስለዚህ ዛሬ የሚያገኛት ጥቂት ገንዘብ ለእሱ ትርፍ ናት፤ ለእርስዎ ግን የቤት ብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ነበረች።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ቤተሰቡ የሚበላው፣ መብራትና ውኃ፤ ቀጥሎ የቤቱ ብድር፣ ግብርና መድን፤ ለሌሎቹ የሚደርሳቸው ከዚያ የተረፈው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይህን ያፈርሰዋል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ። መጥሪያ ከመጣ መያዣ የሌለው ዕዳም ቢሆን ችላ አይባልም። ቀጠሮው ላይ ያልቀረበ ሰው መከላከያ ሳያሰማ ይፈረድበታል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዙና የባንክ ሒሳቡ ላይ መድረስ ቀላል ነው።

ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ

አንድ ደንበኛ አሥራ አንድ ያልተከፈቱ ፖስታዎች በፌስታል ይዞ መጣ። «ፈርቼ ነው» አለኝ። አልቀለድኩበትም፤ ፍርሃቱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ደርድረን አንድ በአንድ ከፈትናቸው። አራተኛው ውስጥ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምለት ማመልከት እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። ዘጠነኛው የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀኑን ስንቆጥር ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እርስዎ ፖስታውን መቼ እንደከፈቱት ማንም አይጠይቅም። በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ የሚጠበቅባቸው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የፌደራል ደንቡ ተበዳሪው ከ120 ቀን በላይ ካልወዘፈ በስተቀር ቤቱን የመውሰድ ሒደት እንዳይጀመር በአጠቃላይ ይከለክላል። አንዱ ዘንድ ጊዜው ረዘም ይላል፣ ሌላው ዘንድ ያጥራል። በሁለቱም አገር ግን ፖስታውን ላልከፈተ ሰው ያው ነው።

አበዳሪው የሚራራው መቼ እንደሆነም ልንገርዎ። ክፍያ ከመወዘፉ በፊት፣ «በሚቀጥለው ወር ሥራዬ ሊቋረጥ ነው» ብሎ የመጣ ሰው ፋይል ገና ንጹሕ ነው፤ የእፎይታ ጊዜ ለመስጠት ሠራተኛው ብዙ መከራከር አይጠበቅበትም። ከሦስት ወር ውዝፍ በኋላ የመጣው ሰው ጉዳይ ግን ወደ ሕግ ክፍል ሊተላለፍ ጫፍ ላይ ስለሚሆን ውሳኔው ከሠራተኛው እጅ ይወጣል።

የማይችሉትን ቃል መግባት

ይህ ስህተት የሚሠራው በቅንነት ነው፤ ለዚህም ነው የሚያሳዝነኝ። ወርሃዊ ክፍያው 10,000 የሆነ ሰው ሦስት ወር ወዘፈ እንበል። ቅጣቱን ለጊዜው እንተወውና ውዝፉ 30,000 ነው። «በስድስት ወር እጨርሳለሁ» ብሎ ይፈርማል። ይህ ማለት በየወሩ ከመደበኛው 10,000 ላይ 5,000 ጨምሮ 15,000 ይከፍላል ማለት ነው። ከቀለብና ከትራንስፖርት በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው ግን 12,000 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ቃሉ ይፈርሳል። የፈረሰ ስምምነት ደግሞ ፋይሉ ላይ ይመዘገባል፤ ቀጣዩን ስምምነት ማግኘት ከመጀመሪያው በእጅጉ ይከብዳል።

ያው ሰው ወረቀቱን አውጥቶ «በወር 2,000 ጨምሬ በአሥራ አምስት ወር እጨርሳለሁ» ቢል ኖሮ ፊት ለፊቱ ያለው ሠራተኛ ቅር ሊለው ይችል ነበር። ቢሆንም የሚፈጸም ስምምነት ነው። ሲመጡ የገቢና የወጪ ዝርዝር ይዘው ይምጡ፤ የደመወዝ ማስረጃ፣ ከሥራ የተሰናበቱ እንደሆነ ደብዳቤው፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። እንባ ልብ ይነካል፤ ለብድር ኮሚቴ የሚቀርበው ግን ወረቀት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከውዝፉ ላይ የከፈሉት 5,000 በሙሉ ከዋናው ብድር ይቀነሳል ብለው አያስቡ። ብዙ ውሎች ክፍያው መጀመሪያ ለወጪና ለቅጣት፣ ከዚያ ለወለድ፣ የተረፈው ብቻ ለዋናው ብድር እንዲውል ያዛሉ። ከፍለው ከፍለው ዕዳው ያልቀነሰላቸው ሰዎች ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የሒሳብ መግለጫ ይጠይቁና መስመር በመስመር ይዩት።

በቃል ተስማምቶ መሄድ

በስልክ «እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅዎታለን» ያለው ሠራተኛ በማግሥቱ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገረዎትን ሰው ስምና የተባባላችሁትን ደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ «ዛሬ በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» ብሎ የሚጀምር አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይላኩ። ደብዳቤውን በእጅ ካስገቡ ደግሞ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስመቱ። ያለ ደረሰኝ ጥሬ ገንዘብ ለማንም አይስጡ፤ ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል፣ ግን ስንቱን አይቻለሁ።

ዕዳው የማን እንደሆነ ሳያጣሩ መክፈል

ስልኩ ይጮኻል። «ዛሬ ከሰዓት በፊት ካልከፈሉ ፖሊስ ይዘን እንመጣለን» ይላል ድምፁ። ከየት እንደሚደውል ሲጠየቅ ይቆጣል። መልሱ አጭር ነው፦ «ስምዎን፣ የድርጅቱን ስም፣ የመጀመሪያው አበዳሪ ማን እንደሆነና የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ ይላኩልኝ። ሳየው እመልስልዎታለሁ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን አይንገሩ፤ «አዎ፣ የእኔ ዕዳ ነው» አይበሉ። እውነተኛ ሰብሳቢ ወረቀት አለው። አጭበርባሪው ደግሞ ሁለተኛ አይደውልም፤ ቢደውልም ያንኑ ጩኸት ነው።

በአሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንዳይደውል ይከለክላል። ባለዕዳው የዕዳው ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከረ ሰብሳቢው ማስረጃ እስኪልክ ድረስ ማሳደዱን ማቆም አለበት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሕግ በሌለበት አገር እንኳ ማስረጃ መጠየቅን የሚከለክል የለም።

ላረጀ ዕዳ «ለጊዜው ትንሽ» መክፈል

ከዓመታት በፊት የተረሳ ዕዳ ይዞ የሚመጣ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። «ለቅን ልቦና ምልክት ያህል» ይላል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ የወሰነው ጊዜ ሲያልፍ፣ ይታገዳል፤ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላው ይርጋ አሥር ዓመት ነው፤ በእንግሊዝ ለተራ የውል ዕዳ ስድስት ዓመት፣ ለቤት ብድር ዋና ገንዘብ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ይርጋው ሳይሞላ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ወይም ዕዳውን የሚያምን ጽሑፍ ግን ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ለአሮጌ ዕዳ ኪስዎ ከመግባትዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

አድናለሁ ባይን ማመን

የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ በወጣ ማግሥት ስልክ የሚደውሉ «አማካሪዎች» አሉ። አንዱ ከባንኩ ጋር እደራደራለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ ከዚያ ስልኩን ያጠፋል። ሌላው ይብሳል፤ «ውዝፉን እኔ እከፍላለሁ፣ እርስዎ ውክልና ይስጡኝ» ይላል። ውክልናው ውስጥ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ካለ ቤትዎን የሰጡት ያን ጊዜ ነው። ከባንኩ ጋር መነጋገር በነጻ ነው፤ ማንም በእርስዎ ፈንታ እንዲሄድ አያስፈልግም።

ከትዳር ጓደኛና ከዋስ መደበቅ

ዋስ የሆነልዎት ሰው ነገሩን ከባንኩ ማስጠንቀቂያ ከሰማው ዝምድናውም አብሮ ይሸጣል። ቀድመው ይንገሩት።

ሐራጅ መጠበቅ

አንዳንድ ቤት አይድንም። ገቢው ከወደቀና ተመልሶ የማይነሣ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ቢሸጠው ይሻላል። ሐራጅ ላይ ገዢው ችኮላውን ያውቃል፤ የጨረታና የሕግ ወጪውም ከሽያጩ ላይ ይነሣል፤ በብዙ አገር ደግሞ የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው እዚያው ባለዕዳው ላይ ይቆያል። ቁልፉን አስረክቦ መሄድም ዕዳውን አያወርድም፤ ቤቱ እስኪሸጥ ወለዱ ይቆጠራል። በመያዣ የተያዘ ቤት ደግሞ ያለ ባንኩ ፈቃድ ስሙ አይዛወርም። ስለዚህ ገዢውን ይዘው ባንክ ይሂዱ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለብድሩ ገቢ ይደረግና እገዳው ይነሣል፤ ትርፉ ለእርስዎ ይቀራል።

ባለፌስታሉ ሰው ያደረገው ይህን ነው። በአምስተኛው ቀን የሚገዛ ዘመድ አግኝቶ በጽሑፍ አመለከተ፤ ሐራጁ በአንድ ወር ተራዘመለት። ቤቱ ተሸጠ፤ ብድሩ ተዘጋ፤ ለሁለት ዓመት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ እጁ ላይ ተረፈው። ፌስታሉን ግን ጠረጴዛዬ ሥር ረስቶት ሄደ።