የድብርት መድኃኒት ሆድ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

በርበሬ ቀንሱ፣ ውሃ ጠጡ የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እሱን አልደግምም። ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝን ልንገራችሁ።

ችግር፦ ኪኒኑን በጀመሩ ሰሞን ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መላወስ፣ ምግብ መጥላት

ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንም ሆነ ሰርትራሊን የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው ያለው ደግሞ አንጀት ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱን ቀድሞ የሚያውቀው ሆድ ነው። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። ድብርቱ ግን ቀለል ማለት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ጉዳቱ ይቀድማል፣ ጥቅሙ ይዘገያል። ይህ ሳይነገረው የተሸኘ ሰው በሳምንቱ ቢያቋርጥ አይፈረድበትም፤ ወቀሳው ሳይነግር ለሸኘው ባለሙያ ነው።

እኛ አገር ግን ማቅለሽለሹን የሚያባብሰው የጾም ሰሞን ነው። ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት» ብሎ ይጽፋል፤ ታካሚው ኪኒኑን ማልዶ ባዶ ሆዱን ይውጣል፤ እህል የሚቀምሰው ግን 9 ሰዓት ላይ ነው። በመሃል ቡና ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ በዚህ ሁኔታ የሚችል ጨጓራ የለም።

ከቢቸና በኩል የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ መርዝ ነው የሰጣችሁኝ» ብለው የፍሉኦክሴቲኑን ፓኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። እንዴት እንደሚወስዱት ስጠይቃቸው በእጃቸው አሳዩኝ፦ በቡና ስኒ ጭላጭ ውሃ ዋጥ አድርገው ጋደም ይላሉ። እንክብሉ ጉሮሯቸው ላይ ይቀርና ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ምራቅ ሲውጡ ይውላሉ። የቀየርነው ሰዓቱንና አወሳሰዱን ብቻ ነው፦ 9 ሰዓት ላይ፣ ሽሯቸውን እየበሉ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ እንዳሉ። መጠኑ አልተነካም። በሚቀጥለው ሲመጡ ስለ ሆዳቸው አላነሱም፤ የልጅ ልጃቸውን ሳል ነበር የሚያማክሩኝ።

መፍትሄው እንግዲህ ከምግብ ጋር፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድ ነው። ፍሉኦክሴቲን ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከጠዋት ወደ 9 ሰዓት መዛወሩ ጉዳት የለውም፤ ማታ ከተወሰደ ግን እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታልና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልለቀቀ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ማስጀመር የሐኪሙ ፋንታ ነው፤ በራስዎ ኪኒኑን ለሁለት አይክፈሉ።

ችግር፦ መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ የመጣ ማቅለሽለሽና ማዞር

ጸበል ሲሄዱ ኪኒኑን ቤት ጥለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በተለይ ሰርትራሊን በድንገት ሲቆም ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ያህል ይሰማል። ከዚያም ድብርቱ ይመለሳል። እባካችሁ፣ ጸበሉን ተጠመቁ፣ ጠጡ፤ ኪኒኑንም ውሰዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ችግር፦ ተቅማጥ

ሰርትራሊን ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይቆማል። የሚያናድደኝ ሰገራ ሳይመረመር «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል መሸጡ ነው። ሜትሮኒዳዞል ራሱ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ መጨመር ነው። መጀመሪያ ይመርመሩ።

ተቅማጡ ከላብ፣ ከመንቀጥቀጥ፣ ከልብ ምት መፍጠንና ከመቅበጥበጥ ጋር ከመጣ፣ በተለይ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረ በኋላ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ችግር፦ የሆድ ድርቀት

ይህን የሚያመጣው አሚትሪፕቲሊን የተባለው ሌላው የድብርት መድኃኒት ነው። ተልባ በብዙ ውሃ ጥሩ ነው፤ ከኪኒኑ ግን በ2 ሰዓት ያራርቁት። ሽንትም አልወጣ ካለ ለሐኪም ይንገሩ።

ችግር፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ

ይህ የደም መፍሰስ ምልክት ነው፤ ለነገ አይባልም። አጨዳ ሲደርስ ወገቡን ያመመው ሁሉ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል፤ ሻጩም ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አይጠይቀውም። እነዚህ ከፍሉኦክሴቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር ሲደረቡ የጨጓራ መድማትን ያባብሳሉ፤ አስፕሪንም እንዲሁ ነው። አረቄ ከታከለበት ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ገበሬ ወንድማችን ሰገራው መጥቆሩን እያየ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ኦሜፕራዞል ሊገዛኝ መጥቶ ያውቃል። ፊቱ ነጥቷል፣ ቆሞ መነጋገር አቅቶት ባንኮኒውን ይዟል። ሳልሸጥለት በባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል አሳፈርኩት። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይሻላል። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም ለመለየት ቤት ተቀምጠው አይጠብቁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

አዛውንት አቅለሽልሿቸው ራስ ምታትና መዘባረቅ ከተጨመረ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) መጠን ይታይ። የወር አበባ የቀረባት ሴት ካቅለሸለሻት ኪኒኑን ከመውቀስ በፊት እርግዝና ትመርመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ወጣት ላይ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከበረታ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጡ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጭምር።