ከስፖርት ሞተር ወደ ከባድ ክሩዘር ለሚሸጋገር የጅማ አሽከርካሪ

ለዓመታት ስፖርት ሞተር የነዳ ሰው ክሩዘር፣ ማለትም ረጅም፣ ዝቅ ያለና ከባድ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የቀድሞ ልምዱ ነው። ጣቱ ሳያስበው ወደ ፊት ፍሬን ይፈጥናል፣ እግሩ መርገጫውን ከኋላ ይፈልጋል፣ ዓይኑም ኩርባውን በአሮጌው ሞተር አቅም ይለካል። ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። ከባዱን ሞተር በገዛሁ በሦስተኛው ቀን እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ጠጠር ላይ መሪውን አጥፌ ስዞር አንድ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቆመ። እንደ ልማዴ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ሞተሩም ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት ላይ ሳለ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። በፍጥነት ስነዳ አንድም ቀን ያልወደቅሁ ሰው የወደቅሁት ልቆም ስል ነበር።

የሁለቱን ልዩነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ስፖርት ሞተሩ ያማሃ አር 6 ነዳጁን ሞልቶ 190 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ክሩዘሩ ካዋሳኪ ቩልካን 900 ወደ 280 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት በመጀመሪያው 1,375 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 1,645 ሚሊ ሜትር ነው። የመቀመጫው ከፍታ ደግሞ ከ850 ወደ 680 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሁለቱም እግር መሬት መርገጡ ለጀማሪው የሚያስደስት ቢሆንም፣ ክብደቱ አንዴ ካዘነበለ በኋላ በእግር ደግፎ ማቆም እንደማይቻል ሊያስረሳው አይገባም። የሞተሩ ጠባይም ሌላ ነው። አር 6 ከፍተኛ ቶርኩን (የማዞር ጉልበቱን)፣ 61 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ የሚሰጠው በደቂቃ 10,500 ዙር አካባቢ ሲሆን ቩልካን 900 ግን 78 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገና 4,000 ዙር ሳይሞላ ይሰጣል። ስለዚህ ማርሽ ሳይቀይሩ ዙሩን ወደ ላይ የማስጮህ ልማድ እዚህ ትርፍ የለውም፤ ቀደም ብሎ ማርሽ መጨመርና ሞተሩን በለሆሳስ እንዲጎትት መተው ይሻላል።

ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት ለጅማ የሚጠቅሙትን ሦስት ነገሮች ይመርምሩ። የመጀመሪያው ከመሬት ያለው ክፍተት ነው። ብዙ ክሩዘሮች ከመሬት የሚርቁት 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ በሰፈር መግቢያዎች ላይ በዘፈቀደ የተሠሩት የፍጥነት መቀነሻዎች ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ወይም ቴላዮውን (የሞተሩን አጽም) ይነካሉ። ሻጩ ሞተሩን ሲያሳይዎ ጎንበስ ብለው ሆዱን ይመልከቱ፤ የተፋቀ ብረት ስለ ቀድሞው ባለቤት ከሻጩ የበለጠ ይናገራል። ሁለተኛው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል ነው። ብዙ ክሩዘሮች በካቴና ፈንታ የጎማ ቀበቶ አላቸው፤ ቀበቶው ዘይት አይፈልግም፣ ድምፅም የለውም፣ ነገር ግን በፒስታ መንገድ ላይ ጠጠር በቀበቶውና በጥርሱ መካከል ከገባ ሊቀደድ ይችላል። ሥራዎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስድዎ ከሆነ ካቴና ያለውን ወይም በዘንግ የሚሠራውን ቢመርጡ እመክራለሁ። ሦስተኛው ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በመሳሳቱ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ስድስተኛ እጅ ያህል ያጣል። በኮምፒዩተር ነዳጅ የሚረጭ ሞተር መጠኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ካርቡሬተር ያለውና ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ሞተር ግን ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል። ይህ በመካኒክ እጅ የሚስተካከል ስለሆነ ከመግዛት አያግድም፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

ልምምዱን ሞተሩን ሳያስነሱ ይጀምሩ። ተሽከርካሪ የማይበዛበት ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ከጎኑ ቆመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፣ መሪውን አጥፈው ያዙሩት፣ ሚዛኑ በየትኛው ዝንባሌ ላይ ከእጅዎ እንደሚያመልጥ በዳሌዎ ይወቁት። ቀጥሎ የወደቀ ሞተር ማንሳትን ከአንድ ረዳት ጋር ይማሩ። ሞተሩን ያጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ ያስገቡት፤ በቀኙ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድመው ያውጡ። ከዚያ ጀርባዎን ለሞተሩ ሰጥተው መቀመጫውን በዳሌዎ ይደግፉ፣ ወደ መሬት የተጠጋውን የመሪ ጫፍ ወደ ነዳጅ ታንኩ አጥፈው በአንድ እጅ፣ ጠንካራ የቴላዮ ክፍልን በሌላው እጅ ይያዙና ወገብዎን ሳያጥፉ በእግርዎ እየገፉ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። በወገባቸው ሊያነሱ ሞክረው ለሳምንታት የተኙ ሰዎችን አውቃለሁ።

ሞተሩን አስነሥተው መንዳት ሲጀምሩ ብዙውን ሰዓት ለዝግታ ይስጡት። የስፖርት ሞተር አሽከርካሪ በፍጥነት መንዳትን ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም፤ የሚጎድለው በሰው እርምጃ ልክ ሳይንገዳገዱ መሄድ ነው። ለዚህ ፍሪሲዮኑን መያዝ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ያቆዩት፣ ነዳጁን ጥቂት ከፍ አድርገው ሳይለዋውጡ ይስጡ፣ ፍጥነቱንም በኋላ ፍሬን ብቻ በቀስታ እየረገጡ ይቆጣጠሩ። የሞተሩ ጉልበትና የኋላ ፍሬኑ በተቃራኒ ሲሳሳቡ ከባዱ ሞተር ሳይንገዳገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲዞሩ ዓይንዎን መድረስ ወደሚፈልጉበት ያድርሱ፣ አገጭዎን ወደ ትከሻዎ ያዙሩ፤ ከጎማው ፊት ያለውን መሬት ያየ ሰው እዚያው ይወድቃል። መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬን መንካት ክልክል መሆኑን ለጣቶችዎ ያስተምሩ። እኔን መርካቶ ላይ ያስተኛኝ ይኸው ነበር።

የፍሬን ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ስፖርት ሞተር አጭርና ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በኃይል ሲቆም ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ፍሬን ብዙም ስለማይረዳ አሽከርካሪው ቀስ በቀስ ይረሳዋል። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ በመሆኑ በሚቆምበት ጊዜም ብዙ ክብደት ኋላ ጎማው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የኋላ ፍሬኑ እውነተኛ ሥራ ይሠራል፤ በፊት ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሰው ካለው የማቆም አቅም ብዙውን ይጥለዋል። በሜዳው ላይ በሰዓት 30፣ ቀጥሎ 40፣ ቀጥሎ 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሁለቱንም ፍሬን በአንድነት፣ በመጀመሪያ በልስላሴ፣ ከዚያም እየጨመሩ በመያዝ ይቁሙ። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) የሌለው ከሆነ የኋላው ጎማ ሲንሸራተት የሚሰማውን ስሜት በሜዳው ላይ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ከተማ ውስጥ ሲገቡ ሐሙስን ያስወግዱ። በገበያ ቀን ባጃጁ፣ ጋሪውና ሸክም ያዘለው እግረኛ ለጀማሪ ምሕረት የላቸውም። በዝናቡ ወራት ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ የሚከማቸው ቀይ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ መሄድና ፍሬንን አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ስፖርት ሞተር ላይ ጉድጓድ ሲመጣ ከመቀመጫው ብድግ ብለው በጉልበትዎ ይቀበሉት ነበር። ክሩዘር ላይ እግሮች ወደ ፊት ስለሚዘረጉ ብድግ ማለት አይቻልም፤ የኋላ አሞርዛተሩ የሚሄደውም ብዙ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የተረፈውን ምት አከርካሪዎ ይቀበለዋል። ከጉድጓዱ በፊት ፍጥነት መቀነስ ብቸኛው መፍትሔ ነው። ሲያቆሙም ቁልቁል አፍንጫውን ሰድረው አያቁሙት፤ 280 ኪሎ ግራም ወደ ኋላ ዳገት ሽቅብ የሚገፋ ሰው አላየሁም። የጎን መቆሚያው በእርጥብ አፈር ስለሚሰምጥ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ በሻንጣዎ ይያዙ።

ዳገት ላይ ለመነሣት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ጥሩ መለማመጃ ነው። በግራ እግርዎ ቆመው በቀኙ የኋላ ፍሬኑን ይያዙ፣ ፍሪሲዮኑ መጎተት ሲጀምር ብቻ ይልቀቁት።

ለኩርባ ደግሞ ወደ አጋሮ ይውጡ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ በቡና ጥላ ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ የክሩዘርን ትልቁን ገደብ ያሳይዎታል። ስፖርት ሞተር ከ45 ዲግሪ በላይ ማዘንበል ሲችል፣ አብዛኛው ክሩዘር ከ25 እስከ 32 ዲግሪ ባለው መካከል የእግር ማሳረፊያው አስፋልት ይነካል። ይህ በፍጥነት ሲሰላ ስፖርት ሞተሩ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን ኩርባ፣ 28 ዲግሪ ላይ የሚነካ ክሩዘር ከ58 በላይ ሊያልፈው አይችልም ማለት ነው። ፍጥነትዎን ከኩርባው በፊት ይጨርሱ፣ ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ሙሉውን መውጫ ማየት እስኪችሉ በውጭው በኩል ይቆዩ፣ ከዚያ ነዳጁን በእኩል መጠን እየሰጡ ይውጡ። ሰፊውን መሪ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ባለው እጅ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ እንደ ቀድሞው ሞተር ይሠራል። ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ አስደንጋጭ ነው፤ ነገር ግን ደንግጠው ነዳጁን ቢዘጉ ሞተሩ ይበልጥ ይወርዳል፣ ቀጥ ቢያደርጉት ደግሞ ከመንገድ ይወጣሉ። ነዳጁን ባለበት ይዘው ሰውነትዎን ወደ ኩርባው ውስጥ ዘንበል ያድርጉ። ሰው ከኋላ ሲጭኑ ይህ ገደብ ይበልጥ ስለሚጠብ የኋላውን ሞላ አስቀድመው ያጠንክሩት።

በሰርቦና በአሰንዳቦ አልፎ በሰኮሩ በኩል የግቤን ሸለቆ የሚያቋርጠውን መንገድ ለመጨረሻ ያቆዩት። ከአበልቲ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን ላይ እንደተቀመጡ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱና የሞተሩ ዙር ራሱ ይያዝዎ። ሸለቆው ሞቃት ስለሆነ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከቀኝ ጭንዎ በታች እንደ እሳት ይግላል፤ ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ቀጥ ብለው ስለሚቀመጡ ንፋሱ ደረትዎን ይገፋል፣ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላም ትከሻና የወገብ አጥንት ይደክማል፤ በየሰዓቱ ወርዶ መራመድ ይጠቅማል። ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥሉ ከሆነ፣ በከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ የተገደበ ስለሆነ፣ ፈቃድ ከሌለዎት ከወልቂጤ ይመለሱ፤ ሽቅብ ወደ አበልቲ የሚወጣው መንገድ የከባዱን ሞተር ጉልበት ከየትኛውም ጎዳና በተሻለ ያሳያል፣ ማርሽ መቀነስም ብዙ አይጠይቅም።