ፓሽን ፍሩትን በጨዋማና ውሃ አጠር መሬት ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፓሽን ፍሩት ሐረግ በጥቂት ወራት ውስጥ አጥርና ዳስ የሚሸፍን በመሆኑ ማንኛውንም መሬት የሚችል ጠንካራ ተክል ይመስላል። ሆኖም ጨውን የመቋቋም አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ሰብሎች ተርታ የሚመደብ ሲሆን፣ የአፈሩ ጨዋማነት 1.3 ዴሲሲመንስ በሜትር (ጨዋማነት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካበት አሃድ) ገደማ ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ገብስ በአንጻሩ እስከ 8 ድረስ ምርቱ ሳይጓደል ሊዘልቅ ይችላል። አብዛኞቹ መጋቢ ሥሮቹም ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ስለማያልፉ፣ ከጥልቅ እርጥበት እየሳበ ድርቅን የመሻገር ዕድሉ ጠባብ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ጨውንና ድርቅን የማይገናኙ ችግሮች አድርጎ ከማየት ነው።

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት የጠወለገን ተክል ሁሉ ውሃ እንደጠማው መቁጠር ነው። በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሟሟው ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃውን ለመሳብ ስለሚቸገር ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ውሃ ብቻ ያነሰው ተክል ቅጠሉ በቀትር ተልፈስፍሶ አመሻሽ ላይ ቀና ይላል፤ ጨው የጎዳው ግን አስቀድሞ የታችኞቹና የቆዩት ቅጠሎቹ ጫፍና ጠርዝ እሳት እንደለበለበው ቡናማ ይሆንና ይረግፋሉ። ስለዚህ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ አፈሩን በእጅ ጨምቆ ማየት ያስፈልጋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ፣ ሊጠረጠር የሚገባው ጨው ወይም የሥር መበስበስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ውሃን ለመቆጠብ በሚል በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ጨዋማነቱ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ ውሃ በሊትር ወደ 640 ሚሊ ግራም ጨው ይይዛል። በቀን 10 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ የሚያገኝ ተክል፣ ዝናብ ካላጠበለት በቀር፣ በ100 ቀን ውስጥ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጨው በግርጌው ይከማችበታል፤ ምክንያቱም ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። መፍትሔው በየጊዜው ተክሉ ከሚፈልገው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ትርፍ ውሃ ሰጥቶ ጨውን ከሥሩ በታች ማጠብ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ውሃው የሚሰርግበት መሬት ላይ ብቻ ነው። ውሃ በሚያቁር ከባድ አፈር ላይ አስቀድሞ ከፍ ያለ መደብ ካልተሠራ፣ ትርፉ ውሃ ሥሩን አፍኖ ፉዛሪየም ለተባለው የፈንገስ በሽታና ለሌሎች የሥር በሽታዎች በር ይከፍታል።

የጠብታ መስኖ ተጠቃሚዎች ደግሞ ቀላል ዝናብ ሲጥል መስኖውን የመዝጋት ልማድ አላቸው። ጨው የሚከማቸው እርጥቡ ክብ ከደረቁ አፈር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ነጭ ቅርፊት ሆኖ በዓይን ይታያል። ካፊያ ይህን ቅርፊት አሟሙቶ ወደ ሥሩ ይመልሰዋል እንጂ አያጥበውም፤ ስለዚህ ዝናቡ በርትቶ አፈሩን በደንብ እስኪያርስ ድረስ መስኖውን አለማቋረጥ ይመረጣል። ጨዋማ ውሃን ከላይ በቅጠሉ ላይ መርጨትም መቅረት አለበት፤ ቅጠሉ ጨውን በቀጥታ ይወስዳል፣ በአበባ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የረጠበው የአበባ ዱቄት ፈንድቶ ይበላሻል።

ማዳበሪያም ጨው መሆኑን መርሳት ሌላው ስህተት ነው። በጨዋማ መሬት ላይ ፖታሺየም ክሎራይድን ትቶ ፖታሺየም ሰልፌትን መጠቀም፣ ያልበሰለ የዶሮ ፍግንም ከግንዱ ሥር አለመከመር ተገቢ ነው። ካልሲየም ያለበትን ማዕድን ጂፕሰምን የጨው ሁሉ ማርከሻ አድርጎ መበተን ደግሞ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ጂፕሰም የሚጠቅመው ሶዲየም በበዛበት አፈር ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ካልሲየሙ ያስለቀቀው ሶዲየም በውሃ ታጥቦ ካልወረደ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

«ትንሽ ብናስጠማው አበባ ይይዛል» የሚለው አስተሳሰብ ለአንዳንድ የፍራፍሬ ዛፎች ቢሠራም ለፓሽን ፍሩት አይሆንም። አበባው የሚወጣው አዲስ በሚያድገው ቀንበጥ ላይ በመሆኑ እድገቱ ሲቆም አበባውም ይቆማል፤ የያዘው ፍሬም ይረግፋል ወይም ተጨማዶ ጭማቂው ያንሳል። ውሃ እጥረት ካለ ያለው ውሃ ለአበባና ለፍሬ መያዣ ጊዜ ሊቀመጥ፣ መሬቱም በሣር ወይም በገለባ ጉዝጓዝ ሊሸፈን ይገባል። ጉዝጓዙ ትነትን ስለሚቀንስ ጨው ከታች ወደ ላይ እንዳይወጣም ይረዳል፤ ነገር ግን የግንዱ አንገት እንዳይበሰብስ ከግንዱ መራቅ አለበት።

በመጨረሻም የፓሽን ዝርያዎችን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት አይገባም። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ካቲንጋ በተባለው ደረቅ ምድር በዱር የሚበቅለው ፓሲፍሎራ ሲንሲናታ ድርቅን ከተለመደው ፓሽን ፍሩት በተሻለ ይችላል፤ ፍሬው ግን ሲበስልም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ኮምጣጣም ነው። ወይን ጠጅ ፍሬ የሚሰጠውን ዓይነት ቢጫ ፍሬ በሚሰጠው ግንድ ላይ አጣብቆ ማዳቀልም ፉዛሪየምን ለመከላከል የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይህን የበሽታ መከላከያ ለጨው ዋስትና አድርጎ መውሰድና የመስኖውን ውሃ ጨዋማነት ሳያስለኩ መትከል ግን አይገባም።