ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሲቸገሩ የሠራልኝ መንገድ

ችግሩ ይህ ነበር። እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ስፓኒሽ ተናጋሪዎች "በሩን አትክፈት" ለማለት "ኖ ኦፕን ዘ ዶር" ይላሉ። "ክፈት" ለማለት ደግሞ "ዩ ኦፕን ዘ ዶር"። ትክክሉ "ዶንት ኦፕን ዘ ዶር" እና "ኦፕን ዘ ዶር" ነው። ቀናት አለፉ፣ ለውጥ የለም።

መጀመሪያ ሕጉን በሰንጠረዥ ጻፍኩላቸው። ገለበጡት፤ ሲናገሩ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ቀጥሎ ከስፓኒሽ እያስተረጎምኩ ሞከርኩ። ይሄ ጭራሽ አባሰው። በስፓኒሽ "ክፈት" "አብሬ" ነው፤ በአክብሮት "አብራ"፣ ለብዙ ሰው "አብራን"፣ "አትክፈት" ደግሞ "ኖ አብራስ"። እኛም ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛም የአክብሮቱን ይፈልጋል። ሲያጣው "ዩ" ይጨምራል።

የሠራው ይህ ነው። ሰንጠረዡን ትቼ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄምስ አሸር ወዳዳበረው ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ ወደሚባል የማስተማሪያ ዘዴ ዞርኩ። አስተማሪው ያዛል፣ ተማሪው በአካሉ ይፈጽማል። "ስታንድ አፕ"፣ "ኦፕን ዘ ዊንዶው"። ለአንዱም ለሁሉም ያው ቃል። ከዚያ ተራ በተራ እነሱ አዛዥ ሆኑ። "ዶንት"ን ያስገባሁት ይሄን ከለመዱ በኋላ ነው፤ ያውም ሁሌ ከግሱ ጋር አጣብቄ፦ "ዶንት ኦፕን"፣ "ዶንት ተች"። "ዶንት ቢ ሌት" (አትዘግይ) ላይ "ዶንት አር" የሚሉ አሉ፤ እሱን ለብቻው ደጋግሙት።

የአክብሮቱን ጥያቄ "ፕሊዝ" ፈታው። ለአለቃ ግን "ኩድ ዩ ኦፕን" ብለው እንዲጠይቁ አስተምሯቸው፤ ትእዛዝ "ፕሊዝ" ቢጨመርበትም አክብሮት የጎደለው ሊመስል ይችላል። አሁን አንዱ "ኖ ኦፕን" ካለ ጎኑ ያለው ተማሪ ቀድሞኝ ያርመዋል።