ቴራፒ ጀምረው ባዶ እጅዎን ላለመመለስ

«ሄጄ ነበር እኮ። አወራሁ፣ አወራሁ፣ ከዚያ ያው ነው።» ስለ ቴራፒ፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ስለሚደረግ የአእምሮ ሕክምና፣ ሲነሳ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸቱን አይደለም። የሆድን ማውጣት ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ ልማድ ግን በማውራት ብቻ አይለወጥም። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከባለሙያው ጋር የሚቀመጡት 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ሥራ ያለው በቀሪው ሰዓት ውስጥ ነው።

1. ችግሩን ያጥብቡት

«ሁሉ ነገር አስጠላኝ» ብሎ መግባት ያስኬዳል። ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ምሽት ወረቀት ይዘው ቁጭ ይበሉ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ስለ ዕዳዬ አስባለሁ» የሚለው ሊሠራበት የሚችል ነገር ነው። «ከባለቤቴ ጋር ስለ ገንዘብ ከተነሳ 5 ደቂቃ ሳይሞላ እንጯጯሃለን» የሚለውም እንደዚያው።

ድብርቱ ወይም የፍላጎት ማጣቱ 2 ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ካልለቀቀዎት «ያልፋል» ብለው አይተዉት። በዚያው የደም ምርመራም ያድርጉ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የደም ማነስ ድብርት መስለው ሊመጡ ይችላሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለሚያምኑት ሰው ነግረው ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

2. ባለሙያውን ይጠይቁት

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት በአብዛኛው በንግግር ነው የሚያክመው። ለከባድ ድብርት ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይሰጣሉ። ሲደውሉ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ ምን ተማሩ? ለእኔ ዓይነት ችግር በምን ዘዴ ነው የሚሠሩት? እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለውን ባለሙያ እኔ ብሆን እዘለዋለሁ።

3. የመጀመሪያው ቀን

በብዛት ጥያቄ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ ቤተሰብ። ራስን ስለማጥፋት ከተጠየቁም አይደንግጡ፤ ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ አይተክልም። ምስጢርዎ ይጠበቃል፤ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንና ሕፃን ሲጎዳ ግን ባለሙያው ዝም ላይል ይችላል። ገደቡን ገና ሲጀምሩ ያስረዱኝ ይበሉት። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ማራገፍ የለብዎትም።

4. የቤት ሥራውን ይሥሩ

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ለድብርትና ለጭንቀት በብዛት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሳይካትሪስት የጀመረው ነው። የሚያስጨንቀን የደረሰብን ነገር ብቻ ሳይሆን ለነገሩ የሰጠነው ትርጉም ጭምር ነው ይላል።

አለቃዎ ማታ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ እንገናኝ» የሚል መልእክት ላኩ እንበል። ሆድዎ ተገለበጠ። ደብተር ያውጡ። ምን ተፈጠረ? መልእክቱ። ምን አሰብኩ? «ሊያባርሩኝ ነው።» ምን ያህል አመንኩት? 90 ከመቶ። ማስረጃዬስ? ባለፈው ወር ሪፖርት አዘግይቻለሁ። ይህን የሚያፈርስስ? ከዚህ በፊት 3 ጊዜ እንዲህ ጠርተውኛል፤ አንዴ ስለ ዕረፍት ፈቃድ፣ ሁለቴ ስለ አዲስ ሥራ ነበር። አሁንስ ስንት አምነዋለሁ? 40።

ዜሮ አልገባም፣ አይደል? አይግባ። ከ40 ጋር መተኛት ይቻላል። ይህ «አይዞህ፣ ሁሉም መልካም ይሆናል» ከማለት ይለያል፤ እዚህ የሚደረገው ሐሳብን እንደ ምስክር አቁሞ መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ ነው። በጭንቅላት ብቻ ሲሆን ይምታታል፤ በጽሑፍ ይሁን።

ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራዎት ከሆነ የቤት ሥራው ሌላ ነው። በሸሹት ቁጥር ፍርሃቱ ይፋፋል። ስለዚህ በትንሹ ይጀመራል፦ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ መናገር፣ እያለ ይቀጥላል። ለድብርት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ስሜቱ ሲመጣ እነሳለሁ» ካሉ አይመጣም። መጀመሪያ ተነስተው 10 ደቂቃ በእግር ይሄዳሉ፤ ስሜቱ ብዙውን ጊዜ ኋላ ነው የሚከተለው።

5. ጥንድ ሆነው ሲሄዱ

ብዙ ሰው ዳኛ ፍለጋ ነው የሚሄደው። «እስቲ ይንገሩልኝ!» ባለሙያው ግን አይፈርድም። የሚያየው ጠባችሁ የሚሽከረከርበትን መንገድ ነው። አንዷ ስትጠይቅ ሌላው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ድምፅዋ ይጨምራል፤ ሲጨምር ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እሷ «ግድ የለውም» ትላለች። እሱ «ምንም ብናገር ጥፋት ነው» ይላል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። አንዱ 3 ደቂቃ ይናገራል። ሌላው መልስ ሳይሰጥ የሰማውን ይደግማል፦ «ሳልነግርሽ ውጭ ሳመሽ የተረሳሽ ይመስልሻል፤ ልክ ነኝ?» «ግን» የምትለዋ ቃል ክልክል ናት። መጀመሪያ ሰሞን ትያትር ይመስላል፤ ያስቃልም።

ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ግን አብሮ መግባት ሊያባብስ ይችላል። የሚጎዳው ሰው መጀመሪያ ለብቻው ባለሙያ ያነጋግር። የትዳር ጓደኛዎ «አልሄድም» ካሉ ብቻዎን ይሂዱ፤ ሽክርክሪቱ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ሲለወጥ ጠቡም እንደነበረው አይቀጥልም።

6. ይለኩት

የሐሳብና የልማድ ሥራው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። የድብርት መጠይቅ ከተሰጠዎት የመጀመሪያውን ውጤት ይያዙ፤ ከወር በኋላ እንደገና ሞልተው ያስተያዩ። አንዳንድ ቀን ከገቡበት ብሰው ይወጣሉ፤ የተነካካ ቁስል ስለሆነ ነው። ከ5 ቀጠሮ በኋላም ምንም ካልተነቃነቀ ለራሱ ለባለሙያው ይንገሩት። ደህና ባለሙያ አይቀየምም፤ ዘዴ ይቀይራል ወይም ወደ ሌላ ይመራዎታል። ባለሙያው ፍቅር ነገር ወይም የገንዘብ ሽርክና ካመጣብዎት ግን በዚያው ቀን ይተዉት።

ሲያበቁ ቀጠሮውን በአንዴ አይቁረጡት። በሳምንት የነበረው በ2 ሳምንት፣ ከዚያ በወር ይሁን። በመጨረሻው ቀን የመመለሻ ምልክትዎን ጽፈው ይያዙ። «ስልክ ማንሳት ሳቆም» ሊሆን ይችላል፤ «ሰሃን ሳይታጠብ 3 ቀን ሲያድር» ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ሲያዩ የሚደውሉበት ቁጥር ከሥሩ ይጻፉበት።